የሰገን ማጫ

በጥቅምት ወደ እኔ የሩዝ መፈልፈያ የሚመጣ ሰው ብድር ፈላጊ ነው። ሩዙ ገና ማሳው ላይ እየበሰለ ነው፣ የሚፈለፈል የለም፣ ሞተሩ አቧራ ለብሶ ቆሟል፤ ሰው ደግሞ እኔን ለመልኬ ብሎ አይመጣም። ስለዚህ የወዳጄ የእንግዳው ልጅ ሰገን አንድ ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ በሬ ላይ ቆማ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ የሱፍ» ስትለኝ፣ ወንበር ሳልሰጣት ማልቀስ ጀመርኩ። የናፍጣውን ዋጋ ነገርኳት። የተቀደደውን ወንፊት አሳየኋት። ወረታ ውስጥ መፈልፈያ በዝቶ ገበሬው ሁሉ ወደ አዲሶቹ እንደሚሄድ አስረዳኋት። እሷ ቦርሳዋን ታቅፋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ብር አይደለም የፈለግሁት» አለችኝ። «እግርዎን ነው።»

«እግሬን ምን ልታደርጊው?»

«ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ። አባዬ ዘንድ።»

ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ብር አልተጠየቅሁም፣ ልጅቷም ልታገባ ነው። አባቷ እንግዳው ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ውሃ ዳር ካለች ጎጥ ነው የሚኖረው፤ ሩዙን በአህያ ጭኖ ወደ እኔ ማምጣት ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው። ገለባው እስኪነፋለት ድረስ ስለ ሩዝ ዋጋ አያወራም፤ የሚያወራኝ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷት ባል ስላላየች ልጁ ነው።

«ማነው የታደለው?» አልኳት። «የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ የለም» አለች። «የምልካችሁ እኔ ነኝ። የምትጠይቁትም እኔን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰገን ጤና ጣቢያ ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ናት። ከየቀበሌው ስንት ሰው ታመመ፣ ስንቱ ዳነ፣ የትኛው መድኃኒት ሊያልቅ ነው የሚለውን ሰብስባ ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። ጎንደር ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክታ ፈተናውን አልፋለች፤ ትምህርቱን ሄልዝ ኢንፎርማቲክስ ይሉታል፤ የጤና መረጃ አያያዝ ነው። አንዲት የነፃ ትምህርት ዕድል መጥታ ነበር፤ ያቺ ዕድል ግን በአገልግሎት ለምትቀድማት ባልደረባዋ ደረሰች። «ይገባታል» ትላለች ሰገን፣ ቅር ሳይላት። እንግዲህ መማር ከፈለገች ከራሷ ከፍላ ነው። ዓምናም አልፋ ነበር፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ምዝገባው አመለጣት። ዘንድሮ ምዝገባው የሚዘጋው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ ዓርብ ካለፈ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

የሚከፈለው ነገር የለም አይባልም፤ አለ፣ ሣር እየበላ ነው። በዚህ አገር ልጅ ሲዳር የሴቷም የወንዱም ወገን ከብት ያቆማል። የተጋቡት ልጆች ጎጆ የሚወጡት በዚያ ነው፤ ማጫ ማለት እሱ ነው። እንግዳውም ለሰገን ማጫ ብሎ ሦስት ላሞች ከለየ ቆይቷል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሄዳ «እነዚያ ላሞች የኔ አይደሉም?» ብላ ጠየቀችው። «ያንቺ ናቸው» አላት። «እንግዲያ ይሸጡልኝና ልማርባቸው» አለችው። ያን ጊዜ ተቆጣ። «በሚካኤል! ሽማግሌ ቆሞ ሳይጠይቀኝ ከዚህ በረት አንዲት ላም አትወጣም!» ብሎ ማለ። እንግዳው ደግሞ በሚካኤል ከማለ አለቀ፤ ወንዙ ቢሞላ እሱ አይነቃነቅም።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። «የሚፈልጉት ሽማግሌ ከሆነ እልካለሁ። ቄስ መንግሥቴን ለምኛቸው እሽ ብለዋል። መምህር ያየህም እሽ ብለዋል። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት።»

«ይኸማ ደንብ ላይ መቀለድ ነው» አልኳት። «ሽማግሌ የሚልክ ወንድ ነው።»

«አባዬ ሽማግሌ ይጠይቀኝ አሉ እንጂ ማን ይላከው አላሉም።»

እኔ ሰው በንግግር ሲረታኝ አልወድም፤ በተለይ ልጅ ሲረታኝ። እምቢ ልላት ነበር። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ንብረትን ያስታውሱታል?» አለችኝ።

እንዴት አላስታውሰው። ታናሽ ወንድሟ ነው። አባቱ ሩዝ ሲያመጣ በአህያዋ ላይ ተቀምጦ ይመጣና የገለባው ክምር ላይ ሲንከባለል ይውል ነበር፤ ስንቴ ጆሮውን ይዤ አውጥቼዋለሁ። ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ክረምት ወንዙ ሜዳውን ሞልቶ ጎጧን እንደ ደሴት ባደረጋት ጊዜ፣ በወባ ሞተ። ከዚያ ወዲያ እንግዳው ስሙን አንሥቶ አያውቅም። ሰው «ስንት ልጆች አሉህ?» ቢለው «አንዲት» ይላል። እፊቴ ስንት ጊዜ ብሎታል፤ እኔም የሰማሁ አልመስልም።

«ያን ክረምት ጎጡ ውስጥ ስንት ቤት በወባ እንደተኛ ከውሃው ወዲህ ያለ ሰው አላወቀም» አለችኝ። «ወሬው የሚመጣው በእግር ነበር፤ እግር ደግሞ ማለፍ አልቻለም። ስላልታወቀ መድኃኒት የጫነ ታንኳ አልሄደም። ውሃው ሲጎድል ነው የተሰማው። ጋሼ የሱፍ፣ ውሃው አሁንም በየክረምቱ ይሞላል። መንገድ ቢዘጋም ወሬው እንዲደርስ አድርጎ መዘርጋት የሚማሩት እዚያ ነው። ለደመወዝ ጭማሪ ብዬ መስሎዎት ከሆነ፣ አይደለም።»

«ይህን ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«የንብረትን ስም ካነሣሁ ብድግ ብለው ይወጣሉ» አለች።

እሽ አልኳት። ቤት ገብቼ ለዘሊካ ስነግራት ባለቤቴ ከት ብላ ሳቀች። «አንተ እኮ ከብር በቀር የተጠየቅኸውን ሁሉ የምትሰጥ ደግ ሰው ነህ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ከመምህር ያየህ ጋር በባጃጅ ጭቃው እስከሚጀምርበት ሄድን። ያየህ ሰገንን አንደኛ ደረጃ ያስተማራት ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚሰማው ተማሪ ስላጣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያስተምራል። ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ የእንግዳው የንስሐ አባት ቄስ መንግሥቴ ቅዳሴ ጨርሰው ከደጀ ሰላሙ ጠበቁን። ከዚያ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በሩዙ ማሳ ድንበር ድንበር አቀናን። ሩዙ አንገቱን ደፍቷል። ያየህ እንዴት አድርጎ ንግግሩን እንደሚጀምር ይነግረናል፣ ቄሱ «ይሁን፣ ይሁን» ይላሉ፣ እኔ የምረግጠውን አያለሁ።

ስሕተታችን አለባበሳችን ነበር። ሽማግሌ ተባልን፣ እንደ ሽማግሌ ለበስን። ሦስታችንም የታጠበ ጋቢ ደርበናል፤ ቄሱ ጥላ ዘርግተዋል፤ እኔ ለትልቅ ነገር ካልሆነ የማላወጣውን ከዘራ ይዣለሁ። እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሰው፣ ነጭ በነጭ፣ ሴት ልጅ ወዳለበት ቤት። በዚህ ሜዳ ላይ ይህን አይቶ የሚሳሳት ሰው የለም። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ቆመው አሳለፉን፤ ትንሽ እንደራቅን ከኋላችን እልልታ ሰማን። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከፊታችን ካለው ቤትም መለሱላት። እልልታው ከእኛ ቀድሞ እንግዳው ደጅ ደረሰ።

«ምን አደረግን?» አልኩ።

«ምንም» አሉ ቄስ መንግሥቴ። ፊታቸው ግን እንደ እኔው ደንግጧል።

እንግዳው ጋቢውን እያስተካከለ ሲወጣ አየሁት። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ደስታውን ሊደብቀው ሲታገል ጢሙ ይንቀጠቀጣል። የሴት ልጅ አባት አይቸኩልም፣ ኮስተር ማለት አለበት፤ ኮስተር ማለት ግን አቃተው። እንዲህ ደስ ያለውን ወዳጄን ላሳዝን በመምጣቴ ራሴን ጠላሁ።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ከደጅ?» አለ።

«እንገባለን። ጉዳያችን ሳይታወቅ ግን አንቀመጥም» አሉ ቄሱ፣ ደንቡን ጠብቀው። ገብተን ምሰሶው አጠገብ ቆምን። ባለቤቱ ታይቱ ከጓዳው ብቅ ብላ ጉልበታችንን ልትስም ቃጣት፤ ሰገንም እዚያው ጓዳ ውስጥ እንዳለች አውቀናል። «ልጅህን ሰገንን ፈልገን ነው የመጣን» አሉ ቄሱ።

«መልካም» አለ እንግዳው፤ ድምፁ ቀጠነ። «ሴት ልጅ መጠየቋ ወግ ነው። ለመሆኑ ልጁ የማን ነው? ዘሩስ ከወዴት ይመዘዛል?»

ከወረታ እስከዚህ ድረስ ያየህ ሲለፈልፍ መጥቶ፣ ይህችን ጥያቄ ማን እንደሚመልስ አልተነጋገርንም። ያየህ ጉሮሮውን ጠረገና «ልጁ ትምህርት ይባላል፤ አገሩ ጎንደር ነው፤ ዘሩም ከብርሃን ይመዘዛል» ብሎ ጀመረ። እንግዳው በመጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ የያየህን ፊት አየ፣ የእኔን አየ፣ ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ።

«አባ፣ ምን እያለ ነው?» አላቸው ቄሱን።

ቄስ መንግሥቴ ነገር አያድበሰብሱም። «እንግዳው፣ የላከችን ሰገን ናት። ሽማግሌ ሳይጠይቀኝ ላሞቹ አይወጡም ብለህ ምለሃል፤ ይኸው ጠየቅንህ። ማጫዋን ለትምህርቷ ስጣት።»

«ይኸማ ንቀት ነው» አለ እንግዳው፣ ሳይጮኽ። ቢጮኽ ይሻል ነበር። «እርስዎም አባ? አንተም የሱፍ? እኔን መሳቂያ ልታደርጉ ጋቢ ለብሳችሁ መጣችሁ?»

ከአጥሩ ውጭ እልልታው እንደ አዲስ ተነሣ። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፤ የምሥራቹን እየጠበቀ ነው። እንግዳው ወደ በሩ ዞረ፣ መልሶ ወደ እኛ ዞረ። የሚያስበውን አወቅሁት፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሦስት ሽማግሌ ሳይቀመጥ ከደጁ ቢመለስ፣ ነገ ሜዳው ሁሉ «የእንግዳውን ልጅ ጠያቂ አይቷት ተመለሰ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን ይመጣላታል? አባሮ ሊያስወጣን አልቻለም፤ እሽ ሊልም አልፈለገም። መደቡን በእጁ መታ።

«ተቀመጡ» አለ። «ደንብ ካላችሁ ደንቡ ይሙላ።»

ተቀመጥን። ታይቱ ግራ ገብቷት እንኳ ለእኔ እንደ ልማዷ ወተት አመጣችልኝ፤ ጠላቸውን እንደማልቀምስ ታውቃለች። ወተቱ ቡሬ ከምትባለው ላማቸው ነው። ቡሬ ከማጫው ውስጥ የለችበትም። ንብረት ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባቱ ጥጃ ሰጥቶት ነበር፤ ያቺ ጥጃ አድጋ ቡሬን ወለደች። የከብት ነጋዴ ስንት ጊዜ ቢጠይቀው እንግዳው «አትሸጥም» ብቻ ብሎ ይመልሳል። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፤ ሁሉም ያውቃል።

«ማጫ ከአንድ ወገን ብቻ አይቆምም» አለ እንግዳው። «እኔ ሦስት ላም ካቆምኩ የወንዱም ወገን ሦስት ያቆማል። አባቴም እንዲሁ ነው የዳረኝ። የዚህ የትምህርት የምትሉት ልጅ ወገኖቹ የት አሉ? ሦስት ላም ያቁሙ፣ እኔም የኔን ዛሬውኑ እፈታለሁ። ከሌላቸው ግን፣ ደንቡ አልሞላም፣ እኔም አልከለከልኩም። ሰው ቢጠይቀኝም እንዲሁ እላለሁ።»

ብልህ ሰው ነው። በሩን ዘግቶ ቁልፉን በእጃችን ሰጠን። ቄሱ ወደ መሬት አዩ። እኔም፣ ነገሩ እንዲህ ያለ ክብር ባለበት መንገድ አለቀ ብዬ በሆዴ ላመሰግን ስል፣ ያየህ ብድግ አለ።

«ወገኖቹማ እኛ ነን! ለወንዱ ሽማግሌ የሚሆን ወገኑ አይደለም እንዴ?»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ወላሂ፣ በዚያች ሰዓት ያየህን ከነጋቢው ቦይ ውስጥ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሰገን ወጣች። ሽማግሌ ባለበት የምትጠየቅ ልጅ አትወጣም፤ እናቷ ክንዷን ልትይዛት ሞከረች፣ አልያዘቻትም። መጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«አንደኛዋን ላም እኔ አቆማለሁ» አለች። «ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ ያጠራቀምኩት አንዲት ደህና ላም ይገዛል። ልብስ ያልለወጥኩት ለዚህ ነው፤ እማዬ ስትወቅሰኝ የነበረው። እዚያም ሆኜ ቅዳሜና እሑድ ሥራ አላጣም፤ ጠይቄያለሁ።»

እንግዳው አላያትም። «አንዲት» አለ። «ሁለት ቀሩ።»

ቄስ መንግሥቴ አንዲት ሴት በግ እንዳለቻቸው ተናገሩ። ያየህ የጡረታውን ነገር አነሣ፤ ከሚናገረው ያነሰ ግን ከልቡ የሆነ ነገር ሰጠ። በግና ጡረታ ቢደመር ላም አይሆንም። ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ታይቱ እንኳ ከጓዳ በር ሆና። በእጄ የያዝኩትን ወተት መደቡ ላይ አስቀመጥሁት።

«ሞተሩ እኮ...» ብዬ ስለ ናፍጣው ልጀምር ነበር። ሰገን ታየኛለች። አትለምንም፤ ያን ሐሙስ እንዳደረገችው እስክጨርስ ነው የምትጠብቀኝ። ያ ልጅ ገለባዬ ላይ ሲንከባለል ትዝ አለኝ። እኔ ያን ክረምት ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጬ ውሃው ሩዜን እንዳያበላሽብኝ ነበር የምፈራው።

«የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሁለተኛዋ ቆመች በሉ።» ዘሊካ ይህን ብትሰማ ታመሃል ብላ ግንባሬን ትዳስሰኝ ነበር።

«ሁለት» አለ እንግዳው። «አንዲት ጎደለች።»

ሦስተኛዋን የሚያቆም አልነበረም። ቄሱ የሌላቸውን አይሰጡም፤ እኔም ከዚያ በላይ ሞተሬን መሸጥ ነው። እንግዳው አሸንፏል፤ ግን ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበረውም። ብስጭቱ ገና አሁን ወጣ።

«ለመሆኑ ምንድር ነው ትምህርቱ? በሽተኛ አታክሚ፣ መርፌ አትወጊ። ሰው መቁጠር ነው አሉኝ። ለመቁጠር ሁለተኛ ዲግሪ? ባል ትተሽ፣ ጎጆ ትተሽ፣ ለመቁጠር?»

«አባዬ» አለች ሰገን፣ «ማታ ከብቱን ሲያስገቡ ለምን ይቆጥራሉ?»

«የጎደለችው እንድትታወቅ ነዋ። ሌላ ለምን ይቆጠራል?»

«ብትጎድል ምን ያደርጋሉ?»

«ጅብ ሳያገኛት ሄጄ እፈልጋታለሁ።»

«ካልቆጠሩሳ?»

እንግዳው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ንብረት ያልተቆጠረ ነው» አለች።

እንግዳው ብድግ አለ። ታይቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰገን ግን አላቆመችም። «ውሃው ከበበን፣ እርስዎ ተሸክመውት ከዳር እስከ ዳር መሻገሪያ ፈለጉ፤ አይቻለሁ፣ እኔም ከኋላዎ ነበርኩ። ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። ከውሃው ማዶ መድኃኒት ነበረ። እኛ ቤት የታመመ እንዳለ ግን ማንም አላወቀም። የቆጠረን ስለሌለ የፈለገን አልነበረም። እኔ መማር የምፈልገው ይህን ነው፤ ከበረት የጎደለችው በዚያው ማታ እንድትታወቅ። ባል አልጠላሁም። ሲመጣ ይመጣል። ዓርብ ግን ካለፈ አይመጣም።»

እንግዳው ጋቢውን መደቡ ላይ ጥሎ ወጣ።

ውጭ እልልታው ቆሟል፤ ሰዉ አባትየው ያለ ጋቢ ሲወጣ አይቶ ደንግጧል። ሰገን ባለችበት ቆማለች፣ እጆቿን አጣምራ። አላለቀሰችም። እኔ ከዘራዬን ፈለግሁ፤ መሄጃችን ነው ብዬ ነበር። ቄሱ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡኝ።

ከዚያ የከብት ኮቴ ሰማን። እንግዳው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ በእጁ ገመድ ይዞ። ገመዱ ጫፍ ላይ ቡሬ ናት። ጭንቅላቷን ወደ ቤት አስገብታ ሰዉን ሁሉ አየች።

«ይቺ ከወንዱ ወገን ትቁም» አለ።

«እንግዳው፣ ይቺማ...» አሉ ቄሱ።

«አውቃለሁ አባ። የንብረት ናት።» ስሙን ሲጠራ ልጁ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱ ራሱ የሰማው እንደ እንግዳ ነገር ነው። ደገመው። «የንብረት ናት። ወንድም ለእህቱ ያቆማል፤ ደንብ ነው። ሦስት ሞላ።»

ሰገን ያን ጊዜ አለቀሰች። ሄዳ የአባቷን ጉልበት ልትይዝ ስትጎነበስ አነሣት፤ አንድ እጁ ገመዱን እንደያዘ ነበር። ታይቱ ከጓዳ ወጥታ ራሷ እልል አለች፤ የሰማኋት እልልታ ሁሉ እንዲያ ያለ አልነበረም፣ ግማሹ ለቅሶ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏት። ቄስ መንግሥቴ ቆመው መረቁ፤ ለሙሽራ የሚባለውን ሁሉ አሏት፣ አንድም አላስቀሩ። እኔም በልቤ የኔን ዱዓ አደረግሁ። ያየህ ሊናገር ሲል እግሩን ረገጥሁት።

የጎጡ ሰው ሙሽራው ማነው ሲል ሰነበተ። እንግዳውም ላሞቹን ወደ ወረታ ገበያ ሲነዳ ለጠየቀው ሁሉ «ጎንደር ነው ያለው፤ ቤቱ ሰፊ ነው አሉኝ» ይላል። ይህን ሲል እንደ ዱሮው ጢሙ ይንቀጠቀጣል። የማጫው ላሞች ቶሎ ተሸጡ። ቡሬ ላይ ነጋዴዎቹ ተሻሙባት፤ እሱ ግን ገበያው ሊበተን እስኪቃረብ ገመዷን ለማንም አልሰጠም። በመጨረሻ ለአንድ ወተት ሻጭ ሰጣት፣ እንዳያርዳት አስምሎ። እኔ በዚያ መሐል ቃል የገባሁትን ብር አመጣሁ። ዘሊካ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ማታ እራቴ ላይ ቅቤ ጨመረችልኝ።

ሐሙስ ባንክ ቤት አብረን ሄድን፤ እንግዳው «ሙሽራ ብቻዋን አትሄድም» ብሎ እኔንም አስከትሎኛል። ሰገን መስኮቱ ፊት ቆማ ለዩኒቨርሲቲው የሚገባውን ክፍያ ትሞላለች። ገንዘብ ተቀባዩ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነው፤ ማሽኑ ብሩን እስኪቆጥር ድረስ እንግዳውን ያጫውተዋል።

«ልጅዎን ነው የሚያስተምሩት፣ አባት?»

«እንዲያ ነው።»

«ይበሉ፣ ትደግልዎ። ስንት ልጆች አሉዎት?»

የሰገን ብዕር ቆመ። እኔም ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ የሚለውን አውቀዋለሁ፣ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ።

«ሁለት» አለ እንግዳው። «ትልቋ ይቺ ናት። የሚያስተምራት ትንሹ ነው።»

ሰገን ቀና ብላ አባቷን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፈረመች።